የዙም መቆጣጠሪያ (የሙዚቃ ሶፍትዌር)

የዙም መቆጣጠሪያ በድምፅና በሙዚቃ ማረሚያ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ከአንድ ቅጂ የትኛው ክፍል በምን ያህል ስፋትና ቁመት በስክሪን ላይ እንደሚታይ ተጠቃሚው የሚወስንበት መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባላቸው ሁለት የማጉያ መነጽር ሥዕሎች፣ በተንሸራታች ዘንግ፣ በማውስ ጎማና በኪቦርድ አቋራጮች አማካይነት ይሠራል። ዙም የሚቀይረው እይታውን ብቻ ነው፤ ድምፁ አይጮኽም፣ አይፈጥንም፣ አይረዝምም። ይሁን እንጂ ሰው የሚቆርጠው በሚያየው ልክ ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያው በደንብ ካልተሠራ በመጨረሻ የሚበላሸው ድምፁ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዙሪያ ከሚሰማው ሙዚቃ የተወሰዱ ናቸው፤ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ የሠርግ ዘፈን ከነጭብጨባው፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ። እነዚህ ድምፆች የዙምን ችግር ከፒያኖ ይልቅ ግልጽ አድርገው ያሳያሉ። ፒያኖ ሲመታ መነሻው ስለታም ነው፤ የማሲንቆ ደጋን ግን ድምፁን ቀስ እያለ ያስነሳዋል፣ መጀመሪያው የት እንደሆነ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል።

ስያሜ

«ዙም» የሚለው ቃል ከካሜራ ጋር ወደ አማርኛ ገብቶ በንግግር «ዙም አድርገው» እየተባለ ይሠራበታል። በአማርኛ በተተረጎሙ ፕሮግራሞች ውስጥ ደግሞ «አጉላ» እና «አሳንስ» የሚሉት ትእዛዞች ይገኛሉ። ለጽሑፍና ለፎቶግራፍ ይህ ትርጉም ምንም እንከን የለበትም። ለድምፅ ሶፍትዌር ግን ወጥመድ ነው፤ ምክንያቱም «ድምፅ ማጉያ» በአማርኛ ድምፅን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፣ «አጉላው» ሲባልም ብዙ ሰው የሚረዳው «ድምፁን ከፍ አድርገው» የሚለውን ነው። በማናቸውም የድምፅ ማረሚያ ውስጥ የቅጂውን ጉልበት ከፍ የሚያደርግ ሌላ ትእዛዝ ስላለ፣ ሁለቱ በአንድ ቃል ከተጠሩ እይታውን ለማቅረብ የፈለገ ሰው ቅጂውን ሊለውጥ ይችላል። እይታ ሲቀየር ጉዳት የለም፤ ድምፅ ከመጠን በላይ ከፍ ተደርጎ ጫፉ ከተቆረጠና ፋይሉ ከተቀመጠ ግን የጠፋው አይመለስም።

ስለዚህ ለእይታ «አቅርብ» እና «አርቅ»፣ ለድምፅ ጉልበት «ከፍ አድርግ» እና «ዝቅ አድርግ» የሚሉት ቃላት ይሻላሉ። የቅጂው ሙሉ ርዝመት በስክሪኑ ስፋት ልክ እንዲሆን የሚያደርገው ትእዛዝ «ሙሉውን አሳይ»፣ በማውስ የተመረጠውን ክፍል ብቻ ስክሪኑን እንዲሞላ የሚያደርገው ደግሞ «የተመረጠውን አቅርብ» ቢባል ትርጉሙ ሳይብራራ ይገባል። የማጉያ መነጽር ሥዕሉ ብቻውን ሌላም ችግር አለው፤ በብዙ ፕሮግራሞች ያው ሥዕል «ፈልግ» ማለት ነው።

ከቴፕ ወደ ስክሪን

ሙዚቃ በማግኔት ቴፕ ይቀረጽ በነበረበት ዘመን የሚታይ ሞገድ አልነበረም። ባለሙያው ሁለቱን ጥቅል በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዞረ፣ የሚፈልገው ድምፅ በማንበቢያው ራስ ላይ ሲያልፍ አዳምጦ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ በምላጭ አግድም ሸርተት አድርጎ ይቆርጥና በማጣበቂያ ይቀጥል ነበር። ዙም የሚባል ነገር ባይኖርም፣ ሥራውን የሚሠራው የቴፑ ፍጥነት ነበር። በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር በሚሄድ ቴፕ ላይ አንድ ሰከንድ ሙዚቃ 19 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይይዛል፤ ፍጥነቱ 38 ሲሆን ያው ሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ምላጩም ሁለት እጥፍ ቦታ ያገኛል። በቤት ካሴት ውስጥ ግን ቴፑ በሰከንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው የሚሄደው። ካሴት ሲበጠስ ለመጠገን እንጂ ሙዚቃ ለማረም የማይቀጠለው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒዩተር ያመጣው ለውጥ ይህን ርዝመት ከድምፁ መለየቱ ነው። አንድ ሰከንድ አሁን አንድ ሚሊ ሜትርም ሆነ አንድ መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። ዲጂዲዛይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳውንድ ቱልስን፣ በ1991 ደግሞ ፕሮ ቱልስን ለገበያ ሲያቀርብ ይህ አሠራር ወደ ስቱዲዮዎች ገባ። ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነበር። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዶሚኒክ ማዞኒና በሮጀር ዳነንበርግ እ.ኤ.አ. በ1999 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2000 ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ፣ ተራ ኮምፒዩተር ያለው ማንኛውም ተማሪ ሞገድ እያየ መቁረጥ ችሏል። በኦዳሲቲ ውስጥ ኮንትሮልና 1 ያቀርባል፣ ኮንትሮልና 3 ያርቃል፣ ኮንትሮልና 2 ወደ መደበኛው መጠን ይመልሳል። እነዚህ ሦስት ቁልፎች ብቻ ሲታወቁ የሥራው ፍጥነት በግልጽ ይለወጣል።

ስንት ሳምፕል በአንድ ፒክስል

ዲጂታል ድምፅ የቁጥሮች ሰልፍ ነው። በሲዲ ደረጃ በተቀረጸ ድምፅ ውስጥ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ቁጥሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሳምፕል ወይም ናሙና ይባላል። በቢቸና አካባቢ በአንድ ሠርግ ላይ የተቀረጸ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚፈጅ ዘፈን አለ እንበል፤ አውጪው ይዘፍናል፣ ተቀባዮች ይቀበላሉ፣ ከበሮና ጭብጨባ አለ። ይህ 200 ሰከንድ ነው፣ በናሙና ሲቆጠር 8,820,000 ይሆናል። በተራ ላፕቶፕ ላይ ለሞገዱ የሚቀረው ስፋት 1,200 ፒክስል ያህል ቢሆን፣ ሙሉ ዘፈኑ ሲታይ በአንዲት የፒክስል ዓምድ ውስጥ 7,350 ናሙናዎች ይታጨቃሉ። ይህ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። በዚህ ርቀት ላይ የአውጪውና የተቀባዮች መፈራረቅ በግልጽ ይታያል፤ አንዷ ጭብጨባ ግን ከአንድ ዓምድ አትበልጥም።

እዚህ ላይ ፕሮግራም ሠሪው የመጀመሪያውን ከባድ ውሳኔ ያደርጋል። ከ7,350 ናሙናዎች ውስጥ አንዱን ብቻ መርጦ ቢስል ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጭብጨባዋ ባልተመረጡት 7,349 ውስጥ ከወደቀች ከስክሪኑ ላይ ትጠፋለች። ይባስ ብሎ ተጠቃሚው ትንሽ ቀረብ ሲል ሌላ ናሙና ስለሚመረጥ የጠፋችው ተመልሳ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትሰወራለች። ሞገዱ በየዙሙ መልኩን የሚቀይር ከሆነ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ደህና ፕሮግራሞች በእያንዳንዱ ዓምድ ውስጥ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ፈልገው ከታች እስከ ላይ መስመር ይስላሉ። ኦዳሲቲ በዚህ ላይ በፈዘዘ ቀለም የዓምዱን አማካይ ጉልበት ይጨምራል። የውጭው ጫፍ ጭብጨባውን፣ የውስጡ ቀለም የዘፈኑን ሙላት ስለሚያሳይ ሁለቱ አንድ ላይ መኖራቸው ለዓይን ብዙ ይረዳል።

ስሌቱ በየጊዜው ከመጀመሪያው ቢሠራ ኮምፒዩተሩ ይዘገያል። ሰው የማውሱን ጎማ ሲያሽከረክር በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እይታው ይለወጣል፤ በእያንዳንዱም ስምንት ሚሊዮን ቁጥር ማገላበጥ ለደካማ ማሽን ከባድ ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ማጠቃለል ነው። ኦዳሲቲ ፋይሉን ሲቀበል ለእያንዳንዱ 256 ናሙና፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ 65,536 ናሙና ትንሹንና ትልቁን ይመዘግባል። ከላይ ያለው ዘፈን በ256 ሲካፈል 34 ሺህ ተኩል የሚያህል ማጠቃለያ ብቻ ይቀረዋል። በሩቅ እይታ ከማጠቃለያው፣ በቅርብ እይታ ከራሱ ከድምፁ ይሳላል። ተጠቃሚው ልዩነቱን ሊያውቀው አይገባም።

በጣም ሲቀረብ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ናሙና ከአንድ ፒክስል በላይ ቦታ ሲያገኝ ሞገዱ ቅብ ሳይሆን ቀጭን መስመር ይሆናል፤ ከዚያም ናሙናዎቹ እንደ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይታያሉ። ይህ እይታ ለዘፈን ምንም አይናገርም፣ ለመቁረጥ ግን አስፈላጊ ነው። ሞገዱ የመሃሉን መስመር በማያቋርጥበት ቦታ ላይ ከተቆረጠ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይፈጠራል። በኦዳሲቲ ውስጥ የ«ዜድ» ቁልፍ የምርጫውን ጠርዞች ወደ ቅርቡ የመሃል ማቋረጫ ስለሚያንቀሳቅስ ሁልጊዜ እስከ ናሙናው ድረስ መቅረብ ግድ አይደለም።

የደረጃው አረማመድ

ብዙ ጀማሪ ፕሮግራም ሠሪዎች የሚሳሳቱት ተንሸራታች ዘንጉ ላይ ነው። ሙሉው ዘፈን ሲታይ አንድ ሰከንድ 6 ፒክስል ያገኛል። አንድ ናሙና 10 ፒክስል እስኪይዝ ድረስ ከተቀረበ ደግሞ አንድ ሰከንድ 441,000 ፒክስል ይሆናል። ይህን ርቀት በ100 እኩል እርምጃ ከፍለን ዘንጉ ላይ ብናስቀምጥ፣ እያንዳንዱ እርምጃ 4,410 ፒክስል ይጨምራል። ተጠቃሚው ዘንጉን አንዲት እርምጃ ብቻ ሲነካ ከ200 ሰከንድ እይታ በአንድ ጊዜ ወደ ሩብ ሰከንድ ይወረወራል። የቀሩት 99 እርምጃዎች ሁሉ ያችን ሩብ ሰከንድ ሲቆራርጡ ይውላሉ። ዘንጉ ይሠራል፣ ግን ማንም አይጠቀምበትም።

ትክክለኛው አረማመድ በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። በእያንዳንዱ ጠቅታ እይታው በእጥፍ ከቀረበ ከ6 እስከ 441,000 ለመድረስ 17 ጠቅታ አይሞላም። በእጥፍ መሄድ ለዓይን ትንሽ ዘለል ያለ ስለሆነ፣ ለማውስ ጎማ ከእጥፍ ያነሰ ብዜት፣ ለምሳሌ አንድ ከአራት አሥረኛ ያህል፣ ይመረጣል። የሰው ዓይንና ጆሮ ራሳቸው በዚህ መንገድ ስለሚለኩ አረማመዱ እኩል ሆኖ ይሰማል፤ በሙዚቃ ውስጥ አንድ ኦክታቭ መውጣት የንዝረቱን ቁጥር በእጥፍ ማባዛት እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

መልህቁ የት ይሁን

ዙም ሲደረግ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ነጥብ ብቻ ባለበት ይቆማል። ያ ነጥብ መልህቅ ይባላል። መልህቁ የስክሪኑ ግራ ጠርዝ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ሊያየው የፈለገው የማሲንቆ መግቢያ በመጀመሪያው ጠቅታ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ይጠፋል። ሰውየው ፈልጎ ያገኘዋል፣ እንደገና ያቀርባል፣ እንደገና ይጠፋል።

ለማውስ ጎማ ትክክለኛው መልህቅ የማውሱ ጫፍ ያለበት ነጥብ ነው። ስሌቱ አጭር ነው። እይታው ከ60ኛው ሰከንድ ይጀምራል፣ አንድ ሰከንድ 20 ፒክስል ይይዛል፣ ማውሱም ከግራ ጠርዝ 400 ፒክስል ላይ አለ እንበል። 400 ለ20 ሲካፈል 20 ስለሆነ ከማውሱ ሥር ያለው ጊዜ 80ኛው ሰከንድ ነው። እይታው በእጥፍ ሲቀርብ አንድ ሰከንድ 40 ፒክስል ይሆናል፤ 400 ለ40 ሲካፈል 10 ነው፤ ከ80 ላይ 10 ሲቀነስ አዲሱ መነሻ 70ኛው ሰከንድ ይሆናል። 80ኛው ሰከንድ ግን ከማውሱ ሥር ንቅንቅ አላለም። ወደ ቅጂው መጀመሪያ ተጠግቶ ሲራቅ መነሻው ከዜሮ በታች ሊሆን ስለሚችል ፕሮግራሙ ዜሮ ላይ ሊያቆመው ይገባል፤ ይህ ሲሆን መልህቁ በግድ ይንሸራተታል።

በኪቦርድ ሲሆን ማውሱ የት እንዳለ ትርጉም የለውም። ያኔ መልህቁ ምርጫ ካለ ምርጫው፣ ከሌለ ደግሞ የመቁረጫ ጠቋሚው ይሁን። ቅጂው እየተጫወተ ከሆነ አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚሄደውን መስመር ይከተላሉ፤ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እየሰማ ያለውን ሳይሆን ቅድም የሰማውን ነው የሚያርመው፤ ስለዚህ መከተሉ በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ መሆን አለበት። ኤብልተን ላይቭ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ከላይ ባለው የጊዜ ማስመሪያ ላይ ማውሱ ተጭኖ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎተት እይታው ይቀርባል ይርቃል፣ ወደ ጎን ሲጎተት ይሄዳል። ለለመደው ሰው ከሁሉም የፈጠነ ነው፣ ላልለመደው ግን መኖሩም አይታወቅም።

በተግባር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። አራሚው ሙሉውን ያያል፣ አንድ ትንፋሽ ለመቁረጥ ይቀርባል፣ ይቆርጣል፣ ከዚያ ቅድም ወደነበረው እይታ መመለስ ይፈልጋል። ይህ ትእዛዝ ከሌለ በእያንዳንዱ መቁረጥ ላይ ብዙ ጠቅታ ይባክናል።

ቁመትና ጸጥታ የሚመስለው

ሞገድ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይቀርባል። በተለምዶ ይህ መቆጣጠሪያ ችላ ይባላል፤ በገጠር በተቀረጸ ድምፅ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጥፋት ግን ከዚህ የሚመጣ ነው። የትራኩ ግማሽ ቁመት 75 ፒክስል ነው እንበል። ከከፍተኛው በ20 ዴሲቤል የሚያንስ ድምፅ የቁመቱን አንድ አሥረኛ፣ ማለት ሰባት ፒክስል ተኩል ይይዛል። በ40 ዴሲቤል የሚያንሰው ግን አንድ መቶኛውን፣ ማለት ከአንድ ፒክስል በታች ነው የሚይዘው። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ጆሮ ግን በደንብ ይሰማዋል።

በዚያ «ባዶ» መስመር ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ የዋሽንት ነፊው ትንፋሽ፣ የማሲንቆው ደጋን ከጭራው ላይ ሲነሳ የሚተወው ጭራ ድምፅ፣ ከጸናጽል በኋላ ቀስ እያለ የሚሞተው ንዝረት። በሩቅ እይታ ጸጥታ የመሰለውን ሁሉ እየመረጠ የሚሰርዝ ሰው ዘፋኙን ያለ ትንፋሽ የሚዘፍን ማሽን ያደርገዋል። ዋሽንት ላይ ይህ በተለይ ይጎላል፤ ትንፋሹ የዜማው ሐረግ የሚጀምርበትን ቦታ ስለሚነግር፣ ሲቆረጥ ሐረጎቹ ተጣብቀው ዜማው ይጣደፋል።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው ቁመቱን ብቻ ለብቻው ማቅረብ ነው፤ ያኔ ከፍተኛው ድምፅ ከትራኩ ጠርዝ ውጭ ይወጣል፣ ትንሹ ይታያል። ሁለተኛው ትራኩን በዴሲቤል መለኪያ ማሳየት ነው፤ በዚህ እይታ ከፍተኛውም ዝቅተኛውም በአንድ ስክሪን ላይ ይገባሉ፣ የሞገዱ ቅርጽ ግን ለለመደ ዓይን እንግዳ ይሆናል። ቁመት ሲቀርብ ድምፁ የጨመረ የሚመስላቸው ጀማሪዎች ስላሉ ከትራኩ ጎን ያለው የመለኪያ ቁጥር አብሮ መቀየር አለበት። ቁጥሩ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ከተደበቀ መኖሩ አይረዳም።

የማሲንቆ ከፍታ በስክሪን ላይ

በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ኖታዎች እንደ ፒያኖ ቁልፍ በተደረደሩ ረድፎች ላይ እንደ አሞሌ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ግማሽ ድምፅ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ደግሞ በ100 ሳንቲ ይከፈላል። የረድፉ ቁመት 12 ፒክስል ከሆነ አንድ ፒክስል ከ8 ሳንቲ በላይ ይይዛል። ለፒያኖ ይበቃል። ማሲንቆ ግን ባለ አንድ ጭራ ነው፣ አንገቱም ላይ የጣት ቦታ የሚወስን ክፍፍል የለውም፤ ጣት ወደፈለገበት ይንሸራተታል። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ውስጥ በተለይ አንቺ ሆዬ በፒያኖ ሲጫወት ለዛው የሚቀንሰው፣ አዝማሪው የሚያርፍባቸው ከፍታዎች ከፒያኖው ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥሙ ነው። 20 ሳንቲ ፈቀቅ ያለ ድምፅ በዚያ እይታ ከሁለት ፒክስል ብዙም አይበልጥም፤ አራሚው ስሕተት መስሎት ወደ ረድፉ መሃል ይጎትተዋል፣ ወይም ጭራሹኑ አያየውም።

ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ሙዚቃ የከፍታው ዙም ከጊዜው ዙም ተለይቶ የሚሠራ፣ አንድ ረድፍ ቢያንስ 50 ፒክስል እስኪደርስ ድረስ የሚቀርብ ሊሆን ይገባል። ሁለቱን አቅጣጫ በአንድ ቁልፍ ማሰር ለፎቶግራፍ የተለመደ ነው፤ ለሙዚቃ ግን ጊዜና ከፍታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የድጓ ምልክትና የጽሑፍ ዙም

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ይገኛሉ፤ ሦስቱም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። ዲማ በተለይ በቅኔ የታወቀ ሲሆን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢዎችም ስፍራውን ከልብ ወለዱ ያውቁታል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ደግሞ የራሱ የጽሑፍ ምልክት አለው። ትውፊቱ ዜማውን ከቅዱስ ያሬድ፣ ምልክቶቹን ሥርዓት ማስያዙን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ያያይዘዋል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ስምንቱ ከፊደሉ በላይ በመስመሮች መካከል በጥቃቅኑ ይጻፋሉ፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ ከቃላት ተቆርጠው የሚጻፉ በርካታ የፊደል ምልክቶች አሉ።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው እትሙ 4.1 ላይ ለዜማ ምልክቶች ከ1390 እስከ 1399 ያሉትን አሥር ቦታዎች ሰጥቷል። አሥሩ ከትውፊቱ አሥር ጋር አንድ አይደሉም፤ ድርስና አንብር የሉበትም፣ በምትኩ አጭር ርክርክና ደረት ከሂደት ጋር ተጣምሮ ገብተዋል። ያም ሆኖ ምልክቶቹ እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ጽሑፍ መጻፍና መፈለግ መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው።

እነዚህን በስክሪን የሚያሳይ ሶፍትዌር ልዩ የዙም ችግር ይገጥመዋል። ፊደሉ 16 ፒክስል ቁመት ቢኖረውና ምልክቱ የፊደሉን አንድ ሦስተኛ ቢያህል፣ ምልክቱ 5 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። በ5 ፒክስል ጭረትና ይዘት አይለዩም፤ ሁለቱም ብናኝ ይሆናሉ። ሁሉንም በእኩል የሚያሳንስ ዙም እዚህ ላይ ተማሪውን ያሳስተዋል፤ የተሳሳተ ምልክት ማንበብ ጨርሶ ካለማንበብ ይከፋልና። የተሻለው አሠራር በደረጃ መግለጥ ነው፤ ከሩቅ የክፍሎቹ አርእስትና በቀይ ቀለም የተጻፉት ብቻ፣ ቀረብ ሲባል ፊደሉ፣ በደንብ ሲቀረብ ምልክቱ ይምጣ። ምልክት በግልጽ ሊነበብ ከሚችልበት መጠን በታች ሲወርድ ደብዝዞ ከሚቀር ይሰወር። የብራና ጸሐፊዎች ይህን በሌላ መንገድ ሠርተውታል፤ ለዜማ መጽሐፍ መስመሮቹን አራርቀው ያሰምራሉ።

ምልክቱን ከድምፅ ሞገድ ጋር በአንድ ስክሪን ላይ ማሰለፍ የበለጠ ይከብዳል። በምዕራባውያን ኖታ አንድ ነጥብ አንድ ድምፅ ነው፤ በድጓ ግን በተለይ የፊደል ምልክት የሚያመለክተው ከመምህሩ አፍ በቃል የተጠናን ሙሉ የዜማ ሐረግ ነው። አንድ ፊደል ላይ ብዙ ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲዜምም ይለያያል። ስለዚህ ሞገዱ ወደ ጎን ሲዘረጋ ጽሑፉ አብሮ ከተዘረጋ ቃሉ ተበታትኖ አይነበብም፤ ካልተዘረጋ ደግሞ ከድምፁ ጋር አይገጥምም። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ስብስብ የብራናውን ምልክት፣ የምዕራባውያን ኖታንና የተቀረጸ ድምፅን አንድ ላይ አቅርበዋል። በወረቀት ላይ ይህ በተለያየ ገጽ ይፈታል። በስክሪን ላይ የሚሻለው ጽሑፉ በራሱ መጠን ቆሞ፣ በሞገዱ ላይ የሚሄደው መስመር የትኛው ፊደል ላይ እንዳለ ቀለም እየቀየረ ቢያሳይ ነው፤ ሁለቱ ዙሞች ይለያያሉ፣ የሚያገናኛቸው ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ርክርክ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ድምፁ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ቢርገበገብ፣ አንድ ሰከንድ 6 ፒክስል በሚይዝበት እይታ እያንዳንዱ ርግብግብታ አንድ ፒክስል ገደማ ስለሚደርሰው አይታይም፤ አንድ ሰከንድ 100 ፒክስል ሲይዝ ግን እያንዳንዱ 20 ፒክስል አግኝቶ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆጠራል። ተማሪው መምህሩ ርክርኩን የት እንደጀመሩና የት እንዳቆሙ ለማየት የሚያስፈልገው ይህ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢቀርብ ሐረጉን ያጣዋል።

በስልክና በደካማ ኮምፒዩተር

በስልክ ላይ ዙም በሁለት ጣት መዘርጋት ነው። መልህቁ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ነጥብ ስለሆነ የማውሱ ችግር በራሱ ይፈታል። ሌላ ግን ይመጣል፤ በአንድ ጣት መጎተት እይታውን ያንቀሳቅስ ወይስ ክፍል ይምረጥ? የጣት ጫፍ ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ስለሚሸፍን የመቁረጫው ነጥብ ከጣቱ ሥር ይደበቃል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከጣቱ በላይ በቅርብ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት በመክፈት ይፈቱታል። ጣቶቹ ሰያፍ ሲዘረጉ ጊዜውም ቁመቱም አንድ ላይ እንዳይለወጡ፣ ዝርጋታው ወደ የትኛው አቅጣጫ እንዳደላ ታይቶ አንዱ ብቻ ቢሠራ ይሻላል።

አቋራጭ ቁልፎች በፊደሉ ከተመዘገቡ፣ ተጠቃሚው የትራክ ስም በአማርኛ ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ ግዕዝ ፊደል ሲቀይር ላይሠሩ ይችላሉ፤ በቁልፉ ቦታ ከተመዘገቡ ግን ቋንቋው ምንም ይሁን ይሠራሉ። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ፕሮግራሙ በየጊዜው ከሚያስቀምጠው ሥራ ጋር የእይታውን መነሻና ልክ አብሮ መመዝገብ አለበት። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሲከፈት ግን አራሚው ከ200 ሰከንዱ ውስጥ ሊቆርጣት የነበረችውን ትንፋሽ እንደ አዲስ ከመፈለግ ይድናል።